ዣን ማቢዮን፤ የመዛግብት መርማሪው መነኵሴ

በቃል ያለ ነገር እንደሚረሳ፥ በጽሑፍ የተቀመጠ ግን እንደሚወረስ አባቶቻችን አስተምረውናል። ይሁን እንጂ የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም። ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ ማኅተም አስመስሎ የሌለውን መብት እንዳለ አድርጎ የሚጽፍ እጅ በየዘመኑ አልታጣም። እንግዲህ መዝገብ እንዲጠብቅ ዐደራ የተሰጠው ሰው ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው የተጻፈውን ከምስጥ፥ ከእርጥበትና ከእሳት ማዳን ነው። ሁለተኛው ደግሞ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለይቶ ማወቅ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ትጋትን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ግን ከትጋት በላይ ድፍረትን ይጠይቃል። ምክንያቱም ሐሰተኛው ሰነድ የጎረቤት ሳይሆን የገዛ ቤታችን ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብለት ሰው ይህን ሁለተኛውን ሥራ ደንብና ሥርዓት ያለው ዕውቀት እንዲሆን ያደረገ ፈረንሳዊ መነኵሴ ነው። ስሙ ዣን ማቢዮን ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማቢዮን በሻምፓኝ አውራጃ ሰን ፒየርሞን በምትባል ትንሽ መንደር ኅዳር 23 ቀን 1632 ዓ. ም. ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ፊደል ያስቈጠረው ቄስ የነበረው አጎቱ ነው። ልጁ ለትምህርት ያለው ፍላጎት ስለ ታየ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ራንስ ከተማ ተልኮ በዚያ ተማረ፤ ቈይቶም ለክህነት የሚዘጋጁ ወጣቶች ወደሚማሩበት ቤት ገባ። በ1653 ዓ. ም. ግን ሐሳቡን ወደ ምንኵስና አዙሮ በዚያው በራንስ ወዳለው ወደ ሰን ረሚ ገዳም ገባና የአመክሮውን ጊዜ ፈጽሞ በሚከተለው ዓመት መነኰሰ።

ወጣቱ መነኵሴ ትጉህና ሥርዓት ጠባቂ ስለ ነበረ አለቆቹ ገና በማለዳው በእርሱ ተስፋ ጥለው ነበር። ነገር ግን ብርቱ የራስ ምታት ያዘው፤ ማንበብም ሆነ ማስተማር የማይችልበት ደረጃ ላይ ደረሰ። ስለዚህ ዕረፍት እንዲያገኝ በማለት ከአንዱ ገዳም ወደ ሌላው ያዛውሩት ጀመር። በ1658 ዓ. ም. ወደ ኮርቢ ገዳም ተላከ። በዚያም የተሰጠው ሥራ የሊቅ ሥራ አልነበረም፤ መጀመሪያ በር ጠባቂ፥ በኋላም የገዳሙን ቀለብና ንብረት የሚቈጣጠር መጋቢ ሆነ። በ1660 ዓ. ም. ቅስና ተቀበለ። ኮርቢ ግን ተራ ገዳም አልነበረም፤ ከ7ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቈየና በጥንታዊ የብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ቤት ነበር። ለሕመምተኛው መነኵሴ መድኃኒት የሆነው እንዲያርፍ የተላከበት ቦታ ነው ለማለት ይቻላል። በሥራው መካከል ትርፍ ጊዜ ባገኘ ቍጥር አሮጌዎቹን ብራናዎች ይገልጥ፥ የጥንት ጸሐፊዎችን የእጅ አጣጣል ይመለከት ነበር።

በ1663 ዓ. ም. ደግሞ በፓሪስ አጠገብ ወዳለው ወደ ሰን ደኒ ገዳም ተዛወረ። ሰን ደኒ የፈረንሳይ ነገሥታት የሚቀበሩበት ታላቅ ገዳም ነው። የማቢዮን ሥራ የዕቃ ቤቱን ንዋያተ ቅድሳት መጠበቅና የነገሥታቱን መቃብር ለጎብኚዎች ማሳየት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚህ የሰን ደኒ ገዳም አሮጌ ሰነዶች ስሙን በአውሮፓ ሁሉ የሚያስጠራ ክርክር እንደሚያስነሡ በዚያን ጊዜ ማን ይገምት ነበር?

እዚህ ላይ ማቢዮን አባል ስለ ነበረበት ማኅበር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በፈረንሳይ አገር የቅዱስ ቤነዲክቶስን ሥርዓት የሚከተሉ ገዳማት በ1618 ዓ. ም. ተባብረው የሰን ሞር ማኅበር የሚባለውን መሠረቱ። የማኅበሩ ዓላማ በጦርነትና በቸልተኝነት የላላውን የገዳም ሥርዓት ማጽናት ነበር። አለቆቹም ሥርዓቱ የሚጸናው በጸሎትና በእጅ ሥራ ብቻ ሳይሆን በትምህርትም ጭምር መሆኑን ስላመኑ በየገዳሙ ያሉት መጻሕፍትና ሰነዶች እንዲመረመሩ፥ ዝርዝራቸውም እንዲጻፍ አዘዙ። የሥራው ማእከል በፓሪስ የሚገኘው የሰን ዠርመን ደ ፕሬ ገዳም ሆነ። የዚህ ገዳም መጻሕፍት ቤት ኀላፊ ሉክ ዳሼሪ የሚባል ሊቅ ነበረ። ዳሼሪ ሕመምተኛ ስለ ነበረ ብዙውን ዘመኑን ያሳለፈው ከሕሙማን ክፍል ሳይወጣ ነው። ሆኖም ከየአገሩ የሚመጣለትን ግልባጭ እየተቀበለ፥ እያስተያየና እያሳተመ ታላቅ ሥራ ይሠራ ነበር። የፓሪስ ሊቃውንትም በየሳምንቱ በክፍሉ እየተሰበሰቡ ይወያዩ ነበር፤ የመካከለኛውን ዘመን የላቲን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ዱ ካንዥና የኮልቤር መጻሕፍት ቤት ጠባቂ ኤትየን ባሉዝ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ዳሼሪ ሥራው በዝቶበት ረዳት እንዲሰጡት ሲጠይቅ በ1664 ዓ. ም. ማቢዮን ተላከለት። ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቱ ቤቱ ሰን ዠርመን ሆነ።

ማቢዮን በአዲሱ ቤቱ ብዙ ሳይቈይ በ1667 ዓ. ም. የቅዱስ በርናርዶስን ድርሳናት አርሞ አሳተመ። በሚከተለው ዓመት የቤነዲክቶሳውያን ቅዱሳንን ገድል በየዘመኑ የሚያቀርበውን ታላቅ መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል አወጣ። ይህ ሥራ እስከ 1701 ዓ. ም. ድረስ ቀጥሎ ዘጠኝ ጥራዝ ሆኗል። ነገር ግን ገና ከጅምሩ ችግር ተነሣ። ማቢዮን የማኅበሩ ወገን መሆናቸው በማስረጃ ያልተረጋገጠላቸውን አንዳንድ ቅዱሳን ከዝርዝሩ አውጥቶ ነበርና አንዳንድ ወንድሞች የገዳማችንን ክብር ቀነሰ፥ ለጠላት መሣሪያ ሰጠ ብለው ለአለቆች ከሰሱት። እርሱም የቅዱሳን ክብር በሐሰት እንደማይጨምር፥ እውነትን የሚወድ ሰው የራሱን ወገን ታሪክ ሲጽፍም የዳኛን ሚዛን መያዝ እንደሚገባው ገልጦ በትሕትና መልስ ሰጠ። አለቆቹም አልፈረዱበትም፤ ሥራውን ቀጠለ። በዚህ ክስ የታየው ጠባዩ ከዚያ በኋላ በመጣው ትልቅ ፈተናም አልተለወጠም።

የፈተናውን ምክንያት ለመረዳት የዚያን ዘመን ሁኔታ ማስታወስ ይገባል። በአውሮፓ ገዳማት የሚተዳደሩት ነገሥታትና መሳፍንት በሰጧቸው መሬት፥ ከቀረጥ ነጻ በመሆን መብትና በመሳሰለው ነበር። የዚህ ሁሉ ማስረጃ በየገዳሙ ግምጃ ቤት የተቀመጠ የስጦታ ሰነድ ነው። ክርክር በተነሣ ጊዜ ሰነዱ ወደ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ሰነዱ እውነተኛ ከሆነ ገዳሙ ርስቱን ይይዛል፤ ሐሰተኛ ከተባለ ግን መንደሩ፥ ወፍጮው፥ ደኑና ግብሩ ሁሉ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቍራጭ ብራና የብዙ ሰዎችን ኑሮ የሚወስን ነበር። ሆኖም እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበት የታወቀ ደንብ አልነበረም። ጠበቆች እንደየጥቅማቸው ይከራከራሉ፤ ዳኞችም እንደየግምታቸው ይፈርዱ ነበር።

በ1675 ዓ. ም. ዳንኤል ፓፕብሮክ የሚባል በአንትዌርፕ ከተማ የሚኖር የኢየሱሳውያን ማኅበር ሊቅ በዚህ ጕዳይ ላይ ብርቱ ጽሑፍ አወጣ። ፓፕብሮክ የቅዱሳንን ገድል እየመረመሩ ከሚያሳትሙት ቦላንዲስቶች ከሚባሉት ሊቃውንት አንዱ ነው። በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረው ንጉሥ ዳጎቤር ሰጠው የሚባል አንድ ሰነድ መርምሮ ሐሰተኛ መሆኑን ዐወቀ። በዚህም አልቆመም። ሰነዱ ጥንታዊ ነኝ ባለ መጠን ጥርጣሬውም ሊበዛ ይገባል የሚል ደንብ አወጣና የሜሮቪንጂያን ነገሥታት የሰጧቸው ናቸው የሚባሉትን ሰነዶች በጅምላ ነቀፈ። የሰን ደኒና የኮርቢ ገዳማት ሰነዶችም ከነቀፌታው አላመለጡም።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ማቢዮን በር ጠባቂና መጋቢ ሆኖ የኖረው በኮርቢ፥ ዕቃ ቤት የጠበቀውም በሰን ደኒ ነው። የተነካው የገዛ ቤቱ ነበር። ወንድሞቹም ክብራችንን መልስልን ብለው ተስፋ ያደረጉት በእርሱ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ወዲያው ብዕራቸውን አንሥተው በስድብና በፌዝ የተሞላ መጽሐፍ ማውጣታቸው የተለመደ ነበር። ማቢዮን ግን ስድስት ዓመት ያህል ምንም መልስ ሳይሰጥ ሰነዶችን ይመረምር ነበር። በየገዳሙ እየዞረ፥ ወደማይደርስበትም ደብዳቤ እየጻፈ እውነተኛነታቸው የማይጠረጠር ሰነዶችን ሰበሰበ። ጽሕፈታቸውን፥ ቋንቋቸውን፥ ማኅተማቸውን፥ የዘመን አቈጣጠራቸውን እየዘረዘረ ጻፈ። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይህ ነው። የሚያወጣው ደንብ እውነተኛ ደንብ ከሆነ የወንድሞቹን ሰነድ በሙሉ አያድንም፤ ከእነርሱም መካከል አንዳንዱን ይጥላል። እርሱም ይህን እያወቀ ሥራውን ቀጠለ።

የድካሙ ፍሬ በ1681 ዓ. ም. በፓሪስ ታተመ። ስሙ በላቲን ደ ሬ ዲፕሎማቲካ ይባላል፤ ስለ ሰነዶች ነገር ማለት ነው። ዲፕሎማ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ለሁለት የታጠፈ ጽሑፍ ማለት ነው። ሰነዶችን የመመርመር ዕውቀት ዲፕሎማቲክ ተብሎ የተጠራው ከዚህ መጽሐፍ በኋላ ነው። በመንግሥታት መካከል የሚደረገው የመልእክተኞች ሙያ ዲፕሎማሲ መባሉም ከዚሁ ሥር የመጣ ነው።

መጽሐፉ ስድስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ስለ ሰነዶች ዓይነትና ጥንታዊነት፥ ስለ ተጻፉበት ነገርና ስለ ጽሕፈታቸው ይናገራል። ሁለተኛው የሰነዶቹን ቋንቋ፥ አጀማመርና አጨራረስ፥ ማኅተም፥ ፊርማና የዘመን አቈጣጠር ይመረምራል። ሦስተኛው ለተቃዋሚዎች ክርክር መልስ ይሰጣል። አራተኛው የፈረንሳይ ነገሥታት ሰነድ የሚሰጡባቸውን ቤተ መንግሥቶች ይዘረዝራል፤ ይህን ክፍል ያዘጋጀው ባልንጀራው ሚሼል ዠርመን ነው። አምስተኛው የየዘመኑን የእጅ ጽሕፈት በመዳብ ላይ ተቀርጾ በታተመ ሥዕል ያሳያል። ስድስተኛው ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰነዶችን ቃል በቃል ያቀርባል።

የደንቡ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ሰነድ በአንድ ምልክት ብቻ አይፈረድበትም፤ አይጸድቅምም። ብራናው፥ ጽሕፈቱ፥ አነጋገሩ፥ ማኅተሙ፥ የምስክሮቹ ስምና ዘመኑ ሁሉ በአንድነት ተመርምሮ በዚያው ዘመንና በዚያው ቦታ ከተጻፉ የማይጠረጠሩ ሰነዶች ጋር መተያየት አለበት። በምሳሌ እናስረዳ። የሜሮቪንጂያን ነገሥታት ሰነዳቸውን የሚያጽፉት በመጀመሪያ ከደንገል በሚሠራው ወረቀት ላይ ነበር፤ ብራና የተለመደው በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ማኅተማቸው በሰም ሆኖ በሰነዱ ገጽ ላይ ይለጠፋል እንጂ በክር አይንጠለጠልም፤ የተንጠለጠለ ማኅተም ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጣ ልማድ ነው። ዘመኑንም የሚቈጥሩት በንጉሡ የመንግሥት ዓመት ነው። እንግዲህ የዳጎቤር ነው የተባለ ሰነድ በክር የተንጠለጠለ ማኅተም ቢኖረው መጠርጠሩ ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የሰዋስው ስሕተት የሞላበት ላቲን ለሐሰተኛነት ማስረጃ አይሆንም። የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ላቲናቸው እንዲያው ነበርና። እንዲያውም የሚያስጠረጥረው አለመጠን የተጣራ ላቲን ነው። ሐሰተኛ ጸሐፊ የሚያዘው የገዛ ዘመኑን ልማድ ሳያውቅ ወደ ጥንቱ ዘመን ይዞ በመግባቱ ነውና።

መጽሐፉ ፓፕብሮክ ዘንድ በደረሰ ጊዜ የሆነው ነገር ከመጽሐፉ የማያንስ ትምህርት አለው። ፓፕብሮክ ዝነኛ ሊቅ ነው፤ ከማቢዮን ማኅበር ጋር ጥቂት ፉክክር ያለበት ማኅበር አባልም ነው። መጽሐፉን ካነበበ በኋላ ግን በ1683 ዓ. ም. ለማቢዮን ደብዳቤ ጽፎ በክርክሩ መረታቱን፥ ስለ ጕዳዩ የጻፈው ይህ መልስ እንዲገኝ ምክንያት በመሆኑ ግን ደስ እንደሚለው ገለጠለት፤ ይህንንም ለሰው ሁሉ እንዲናገር ፈቀደለት። ማቢዮንም ድሉን እንደ ድል አልቈጠረውም፤ በትሕትና መልስ ሰጠው። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ በመከባበር ኖሩ።

የማቢዮን ስም ወደ ቤተ መንግሥትም ደረሰ። መጽሐፉ ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ታላቅ ሚኒስትር ለኮልቤር የተበረከተ ነበርና ሚኒስትሩ በዓመት 2000 ሊቭር እንዲቈረጥለት አሰበ። ማቢዮን ግን መነኵሴ ገንዘብ እንደማያስፈልገው ገልጦ አልቀበልም አለ፤ ይልቁንም ማኅበሩን በደግ ዓይን እንዲመለከትለት ለመነ። ወደ ንጉሡ ፊት በቀረበበት ቀን የራንስ ሊቀ ጳጳስ ለ ቴልዬ በመንግሥቱ ውስጥ ከእርሱ የሚበልጥ የተማረ ሰው እንደሌለ ለንጉሡ ሲነግር፥ በአጠገቡ የነበረው ጳጳስ ቦስዌ ከእርሱ የሚበልጥ ትሑትም እንደሌለ መጨመሩ ይተረካል።

በመንግሥት ወጪ በ1683 ዓ. ም. ወደ ጀርመንና ወደ ስዊስ፥ ከ1685 እስከ 1686 ዓ. ም. ደግሞ ከሚሼል ዠርመን ጋር ወደ ኢጣልያ ተጓዘ። በየገዳሙና በየመጻሕፍት ቤቱ እየገባ አሮጌ ጽሑፍ መረመረ፤ ለንጉሡ መጻሕፍት ቤትም ከሦስት ሺሕ የሚበልጡ መጻሕፍት ሰብስቦ ላከ። የኢጣልያን ጉዞውን ፍሬ ከ1687 እስከ 1689 ዓ. ም. በሁለት ጥራዝ አሳተመው።

ነገር ግን ሁሉ ሰው የሊቃውንቱን ሥራ አላመሰገነም። የላ ትራፕ ገዳም አበ ምኔት ራንሴ በ1683 ዓ. ም. ባሳተመው መጽሐፍ የመነኵሴ ሥራ ጸሎት፥ ዝምታና የእጅ ሥራ ነው፤ ትምህርትና ምርምር ትዕቢትን ያመጣበታል ብሎ ጽፎ ነበር። የሰን ሞር ማኅበር አለቆች ማቢዮንን መልስ እንዲሰጥ አዘዙት። እርሱም በ1691 ዓ. ም. ስለ ገዳማት ትምህርት የሚናገር መጽሐፍ አወጣ። በዚህ መጽሐፍ ገዳማት ሁሉ የሊቃውንት ጉባኤ ይሁኑ አላለም። ያለ ዕውቀት ግን ሥርዓቱ ራሱ እንደማይጠበቅ፥ የጥንት አባቶችም መጻሕፍትን መጻፍና መጠበቅ እንደ ቅዱስ ሥራ ይቈጥሩት እንደ ነበረ አስረዳ፤ ለጀማሪዎችም ምን ምን ማንበብ እንደሚገባቸው ዝርዝር ጨመረ። ራንሴ በ1692 ዓ. ም. በኀይለ ቃል መለሰ፤ ማቢዮንም በዚያው ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መልሶ ጽፎ ዝም አለ። በ1693 ዓ. ም. ግን ራሱ ወደ ላ ትራፕ ሄዶ ራንሴን ጎበኘው፤ ተቃቅፈውም በፍቅር ተለያዩ። ሐሳባቸው እንደ ተለያየ ነበር፤ ቂም ግን በመካከላቸው አልቀረም።

ሌላም ፈተና መጣ። በዚያን ጊዜ በሮማ ከምድር በታች ካሉት ጥንታዊ መቃብሮች አጥንት እየወጣ፥ ማንነቱ ሳይታወቅ የሰማዕት ዐፅም ነው እየተባለ ወደ ልዩ ልዩ አገር ይላክ ነበር። ማቢዮን በ1698 ዓ. ም. ስሙን ሰውሮ ባወጣው ጽሑፍ ማስረጃ የሌለው ዐፅም እንዲህ ያለ ክብር ሊሰጠው እንደማይገባ ገለጠ። ጽሑፉ በሮማ ቍጣን አስነሣ፤ መጻሕፍትን ወደሚመረምረው ጉባኤም ተከሰሰ። በመጨረሻ በ1705 ዓ. ም. አንዳንዱን ቃል አለዝቦ እንደገና አሳተመው። የዋናውን ሐሳብ ፍሬ ግን አልለቀቀም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ማቢዮን ጥበብ ነው። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ግን ስሕተትንም መደበቅ የለበትም፤ ይልቁንም ስለዚህ ሰው ስንጽፍ ይህን ብናደርግ እርሱ ራሱ ይፈርድብናል። የቡዪዮን ቤት የሚባለው ታላቅ የመሳፍንት ወገን ዘሩ ከጥንት የአኪቴን መሳፍንት እንደሚወርድ ለማስመስከር ይፈልግ ነበር። በ1695 ዓ. ም. ይህን የሚያረጋግጡ አሮጌ ወረቀቶች ተገኙ ተባለና ለምርመራ ወደ ሦስት ሊቃውንት ቀረቡ። እነርሱም ባሉዝ፥ ማቢዮንና የማቢዮን ደቀ መዝሙር ቴየሪ ርዊናር ነበሩ። ሦስቱም ወረቀቶቹ እውነተኛ ናቸው ብለው ፈረሙ። ወረቀቶቹን ያቀረበው ዣን ፒየር ደ ባር የሚባል ሰው ግን በ1700 ዓ. ም. ተያዘ፤ በ1704 ዓ. ም. በሐሰተኛ ጸሐፊነት ተፈረደበት። በፈረንሳይ አገር ስለ ሰነድ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ተታለው ነበር። ባሉዝም እነዚያኑ ወረቀቶች ይዞ የቤቱን የትውልድ ታሪክ በ1708 ዓ. ም. በማሳተሙ ከሁለት ዓመት በኋላ ከፓሪስ እንዲወጣ ተደረገ።

ከዚህ ነገር የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ደንቡ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሐሰተኛ ጸሐፊም መጽሐፍ ያነባል፤ መርማሪ የሚፈልገውን ምልክት ተምሮ ያንኑ አስመስሎ ያቀርባል። እንግዲህ መርማሪ ሰው ትናንት ባወቀው መመካት የለበትም። ከዚህም በቀር የታላላቅ ሰዎች ፈቃድ በአጠገቡ ሲቆም የመርማሪ ዓይን ምን ያህል ሊፈዝ እንደሚችል ይህ ታሪክ ያስጠነቅቀናል።

ማቢዮን በ1701 ዓ. ም. የጥንት ጽሑፎችን ለሚያጠናው የንጉሡ አካዳሚ አባልነት ተመረጠ። በ1703 ዓ. ም. ዠርሞን የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ሰው የሰነዱን ደንብ የሚነቅፍ መጽሐፍ ሲያወጣ፥ ማቢዮን በሚከተለው ዓመት በመጽሐፉ ላይ ተጨማሪ ክፍል አሳትሞ ማስረጃውን አጸና። በዚሁ ዘመን የማኅበሩን ዜና መዋዕል በየዓመቱ እየከፈለ ማሳተም ጀመረ፤ አራት ጥራዝ በሕይወቱ ሳለ ታተመ። በታኅሣሥ ወር 1707 ዓ. ም. መጀመሪያ ወደ ሼል ገዳም ሲጓዝ በመንገድ ታመመና ተሸክመው ወደ ፓሪስ መለሱት። በዚያው ወር በ27ኛው ቀን በሰን ዠርመን ገዳም ዐረፈ። ዕድሜው ሰባ አምስት ዓመት ነበር። ርዊናር በ1709 ዓ. ም. የመምህሩን የሕይወት ታሪክ ጽፎ አሳተመ።

ሰውየው ካለፈ በኋላ ቤቱም አላመለጠም። የፈረንሳይ አብዮት በተነሣ ጊዜ በ1790 ዓ. ም. ማኅበሩ ከሌሎቹ ጋር ተሻረ። የመጨረሻው የማኅበሩ አለቃ በ1792 ዓ. ም. በፓሪስ በተደረገው እልቂት ተገደለ። በ1794 ዓ. ም. የሰን ዠርመን መጻሕፍት ቤት በእሳት ተጎዳ፤ ሆኖም ከብራና መጻሕፍቱ አብዛኞቹ ድነው ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ መጻሕፍት ቤት ይገኛሉ። የማቢዮን ዐፅም ከቦታው ተነሥቶ ከቈየ በኋላ በ1819 ዓ. ም. ከፈላስፋው ከዴካርትና ከማኅበሩ ሊቅ ከሞንፎኮን ዐፅም ጋር ወደ ሰን ዠርመን ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንድ መንገድና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በስሙ ይጠራሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው መታሰቢያው ግን ያወጣው ደንብ ነው። ሁለት የማኅበሩ ሰዎች ከ1750 እስከ 1765 ዓ. ም. በስድስት ጥራዝ አስፋፉት። በ1821 ዓ. ም. በፓሪስ የመዝገብ ጠባቂዎች ታላቅ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ በዚያም ዕውቀቱ እስከ ዛሬ ይሰጣል። የማቢዮንን መንገድ የተከተሉ የኋላ ሊቃውንት ያገኙትም ነገር አስደናቂ ነው። የሰን ደኒ መነኰሳት በ11ኛው መቶ ዓመት እውነተኞቹን የደንገል ወረቀቶች ገልብጠው በጀርባቸው ላይ ሐሰተኛ ሰነድ ጽፈው ነበር። ዛሬ በሜሮቪንጂያን ነገሥታት ስም ከሚታወቁት ሰነዶች ከግማሽ የሚበልጡት ሐሰተኛ ወይም የተበረዙ መሆናቸውን ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ ፓፕብሮክ በጥርጣሬው ብዙም አልተሳሳተም ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ፓፕብሮክ ሁሉን በጅምላ ጠረጠረ፤ ማቢዮን ግን አንዱን ከሌላው መለያ ሰጠን። የገዛ ገዳሙ ሐሰት የተገለጠውም የገዳሙ ልጅ ባዘጋጀው ሚዛን ነው።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎችና በመሥሪያ ቤት ሥራ ለሚጀምሩ ወጣቶቻችን ያቀረብነው ያለ ምክንያት አይደለም። መዝገብ ቤት የሚመደብ ወጣት አንዳንድ ጊዜ ወደ ዳር እንደ ተጣለ ይሰማዋል። ማቢዮን ግን የተማረው በር ሲጠብቅና የገዳም ቀለብ ሲቈጣጠር ነው። በመደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰው መዝገብ የአንድ ባለርስት መሬት፥ የአንዲት ባልቴት ጡረታ፥ የአንድ ልጅ ውርስ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለበት ሊሆን ይችላል። የመዝገቡ ጠባቂም ባለጕዳዩ ማን ነው ብሎ ሳይሆን ወረቀቱ ምን ይላል ብሎ መጠየቅ አለበት። ወረቀቱ የገዛ መሥሪያ ቤቱን የሚከስ ሆኖ ባገኘው ቀን ደግሞ እውነተኛው ፈተና ይመጣበታል። ማቢዮን ያን ፈተና በስድስት ዓመት ዝምታና ትጋት አለፈው፤ አንድ ጊዜም በፊርማው ወደቀ። ሁለቱንም አብረን እናስታውስለት።